ሆሞሻ ያልሄደው ድምፅ

በዚያ ቀን ጠዋት ወንድሜ ስልኩን የማንጎ ሳጥን ላይ አስደግፎ አቆመና ‹‹እንግዲህ ተናገር›› አለኝ።

አልተናገርኩም። ስለዚያ ቀን ልጽፍ ስቀመጥ ሁልጊዜ የምጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሌላ ቦታ ልጀምር ብዬ ሞክሬያለሁ፤ እጄ አይሄድልኝም።

ግንቦት ነበር። ዝናቡ ገና መጀመሩ ስለሆነ የአሶሳ አቧራ ተኝቷል። የወንድሜ ቢሮ የምንለው ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎን የተከራየው ጠባብ ክፍል ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ያረጀ ላፕቶፕ። ከቆርቆሮው ጣሪያ በላይ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ፤ ፍሬ በወደቀ ቁጥር ጣሪያው ጧ ይላል። ደንበኞች ሲደነግጡ ወንድሜ ‹‹አብሽሩ፣ ቁጠባችሁ እየወረደ ነው›› ይላቸው ነበር።

እኔ የምጠራው ‹አያ› ብዬ ነው። አባታችን ከወሎ ይዞት የመጣ አጠራር ነው። ወላጆቻችን በደርግ ጊዜ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ እኛ ሁለታችንም የተወለድነው ግን እዚሁ፣ ክልሉ ክልል ከሆነ በኋላ ነው። አያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አካውንቲንግ ተምሮ ሲመለስ፣ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት ተቀምጬ ነበር። እሱ በትምህርት ርቆ ሲቆይ የበርታ ቋንቋ ጠፋበት። እኔ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስለዋልኩ አልጠፋብኝም። ነገር ግን ምላሴ ይታሰራል። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ቃሉ አፌ ደጃፍ ላይ ደርሶ ይቆማል፤ አልወጣም ይላል። በበርታ ስናገር ትንሽ ይሻለኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አያ ግን ይህን አስተውሎ ነበር።

ስለ ሥራው መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ የቀረው አይገባም።

አያ አንድ የብድርና ቁጠባ ድርጅት ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቶ ለቀቀ። ‹‹ሀብታም የሚያማክረውን ሰው ይቀጥራል፤ ለድሃው ደግሞ ፕሮጀክት ይመጣለታል። መሀል ላይ ያለውን ግን ቁጭ ብሎ የሚያማክረው የለም›› ይል ነበር። መሀል ላይ ያለው የሚለው መምህሩን፣ ነርሷን፣ የቢሮ ሠራተኛውን፣ አንድ ሱቅ ያለውን ነጋዴ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ለምክር ብዙ መክፈል አይችልም፤ ከሥራ ሰዓቱ ወጥቶም ቢሮ አይመጣም። ስለዚህ አያ ሥራውን ስልክ ውስጥ አስገባው። ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈተ። ሰው ራሱ የሚሞላው መጠይቅ አዘጋጀ። ሞልቶ ሲጨርስ አንድ ሠንጠረዥ ይመጣለታል፤ በያዘው አያያዝ ቤት ለመሥራት ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት፣ ትንሽ ቢያስተካክል ደግሞ ስንት እንደሚሆን ያሳየዋል። ይህ ሁሉ በነጻ ነው። ከዚያ በኋላ መማከር የፈለገ በቀጠሮ ገጹ ላይ ሰዓት ይይዛል፤ የሚከፍለውም ያኔ ነው። ቀጠሮው አንድ ሰዓት ሲቀረው ማስታወሻ በራሱ ይላካል።

መጀመሪያ የመጣው ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር ነበር። ሠንጠረዡን አይቶ ተናዶ ነው የመጣው።

‹‹ደመወዜ ከወሩ አጋማሽ በፊት ነፍሱን ይሰጣል፤ አንተ ስለ ጡረታ ታወራኛለህ?›› አለው።

‹‹እንግዲያስ አስቀድመን እናስታመው፣ ቲቸር›› አለው አያ።

መምህሩ ስቆ ተቀመጠ። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ባልደረቦቹን ይዞ መጣ።

መጠይቁ መጀመሪያ ላይ ኢንተርኔት ላይ ከተገኘ ዝግጁ ነገር የተቀዳ ነበር። ‹ስንት ሰው ያስተዳድራሉ?› የሚለው ቦታ ከስድስት በላይ አይቀበልም። ከአሶሳ ወጣ ባለችው በሆሞሻ ከተማ የሚኖር አንድ ባለሱቅ፣ በርታ ነው፣ ከአባታችን ጀምሮ የምናውቀው ሰው፣ ቢሮ መጥቶ አሥራ ሰባት ብሎ ጻፈ። ስክሪኑ ቀይ ሆነ። እንደገና ጻፈ። እንደገና ቀይ ሆነ።

‹‹ይሄ ስልክ እንግዳ አይወድም›› አለ።

‹‹አሥራ ሰባቱም ያንተ ናቸው?›› አለው አያ።

‹‹አንተ የትኛው ነው የምትጠይቀው? ከሱቁ የሚበላ ሰው ሌላ ነው። ከቤቱ የሚበላ ሰው ሌላ ነው። የእህቴ ልጆች ከሱቁ ይበላል፣ ቤቴ አያድርም። አሮጊቷ ደግሞ ቤቴ ነው ያለው፣ ከሱቁ ምንም አይነካም።››

አያ ላፕቶፑን ሳበና አንዱን ጥያቄ ሁለት አደረገው፤ ከሱቁ የሚበሉ፣ ከቤቱ የሚበሉ። የቁጥሩንም ገደብ አነሳው። ከዚያ ወዲህ ነው ነጋዴዎች መጠይቁን እስከ መጨረሻው መሙላት የጀመሩት። ባለሱቁ በሆሞሻ የሚያውቃቸውን ሰዎች ሰብስቦ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተለት። ነገር ግን አንድ ነገር ለመነው። ብዙዎቹ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ማንበብ ይከብዳቸዋል፤ ጥያቄዎቹን በድምፅ፣ በራሳቸው ቋንቋ የሚያስረዳቸው ይፈልጋሉ። ከዚያ ቀን በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም በግሩፑ በድምፅ ሊገናኙ ተቀጣጥረዋል። ከዚያ በፊት ማብራሪያውን መስማት ነበረባቸው።

ለዚህ ነው ስልኩን ሳጥኑ ላይ ያቆመው።

‹‹ይ… ይስቁብኛል›› አልኩት።

‹‹ይሳቁ። አንተ ስትሰድበኝ እኮ አትንተባተብም። እኔን እየሰደብክ መስሎህ ተናገር።››

አንድ ጊዜ ሞከርኩ። ሰላምታውን ጨረስኩ። የአያን ሥራ ልናገር ስል ቃሉ ቆመ። ታገልኩት። ልክ ሊወጣ ሲል ጣሪያው ላይ ማንጎ ወደቀ፤ አያም ሳቀ። አሁን ሳስበው በማንጎው ነው የሳቀው። ያኔ ግን በእኔ የሳቀ መሰለኝ። ፊቴ ጋለ። ተነስቼ ወጣሁ።

‹‹በል ተመለስ!›› አለ ከኋላዬ። ‹‹ቆርጬ እልከዋለሁ። እሺ፣ አልቆርጠውም፣ እንዳለ ነው የምልከው!››

አልተመለስኩም።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ገደማ ከጓደኛው የተዋሰውን ሞተር አስነስቶ በር ላይ አገኘሁት። ከመቀመጫው ሳይወርድ ስኳር የያዘ ፌስታል ሰጠኝ።

‹‹ለእማ አድርስላት። እኔ ሆሞሻ ሄጄ ራሴው እነግራቸዋለሁ፣ ባለሱቁ ያስተረጉምልኛል። አየህ፣ ድምፅህን ብታውሰኝ ሞተር አልዋስም ነበር።››

ቀልዱ ነው። ያለቀልድ የሚናገረው ነገር አልነበረውም። እኔ ግን ቂም ይዤ ስለነበር አልመለስኩለትም። ፌስታሉን ተቀብዬ ሄድኩ። ስኳሩን ለእናቴ ሰጠኋት፤ ‹‹እሱስ?›› አለችኝ፤ ‹‹ሆሞሻ›› አልኳት። ያች ቃል ሳትታሰር ወጣች።

ሲመለስ ዝናብ ያዘው። ከአንድ ኩርባ ላይ ሞተሩ ሸርተት ብሎ ወደቀ አሉ። ከኋላ የመጣ መኪና አንስቶ አሶሳ ሆስፒታል አደረሰው። እዚያ ሲደርስ ሕይወቱ አልፎ ነበር። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም፤ ጠይቄም አላውቅም።

ገና ሳይመሽ አጎቴ፣ የአባቴ ወንድም፣ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ቤት ገባ። እናቴ አየቻቸው። ሦስት ትልልቅ ሰው በዚያ ሰዓት ለሰላምታ አይመጣም። ‹‹የቱ ነው?›› ነበር ያለችው። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ‹‹የቱ ነው?››

አጎቴ ሌሊቱን ማንም ስልክ እንዳይነካ አዘዘ። ‹‹መርዶ በስልክ አይነገርም›› አለ። ‹‹የሚነገረው ሁሉ ሰው ተልኮ ይነገረዋል። ሆሞሻም ጠዋት ሰው ይሄዳል።›› ልክ ነበር። እኛ ጋ እንዲያ ነው። ሰው የሞተበት ሰው ፊት ለፊቱ ሰው ሊቆም፣ ሲወድቅ ሊይዘው ይገባል። የአያን ስልክ በፌስታል አድርገው ለእኔ ሰጡኝ። ጥጉ ላይ ከመሰንጠቁ በቀር ደህና ነበር። ቻርጅ ላይ ሰካሁት። ለምን እንደሰካሁት አላውቅም። ሁልጊዜ ማታ የምሰካለት እኔ ስለነበርኩ ይሆናል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ግቢው በሰው ሞልቷል። አስከሬኑ ገና ከሆስፒታል አልመጣም፤ እናቴም አላየችውም። የፊዚክስ መምህሩ ወሬውን ከጎረቤት ሰምቶ መጥቶ፣ ዳር ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ያኔ የአያ ስልክ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። ወዲያው የራሴ ስልክ ጮኸ። ባለሱቁ ነበር። ሳላስበው አነሳሁት።

በበርታ እየጮኸ ነበር የሚናገረው። ትናንት ማታ ሞተረኛ ወደቀ ሲባል ሰምቶ እንቅልፍ ሳይወስደው ማደሩን ነገረኝ። ‹‹አሁን ግን ወንድምህ መልእክት ላከልኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው! ለሁላችንም ነው የላከልን›› አለ።

አጠገቤ የነበረችው ጎረቤታችን በርታ ትሰማለች። ከአፉ ነጥቃ ተናገረችው። ‹‹መልእክት ልኳል ነው የሚለው! ልጁ አሁን መልእክት ልኳል!››

እናቴ ከሴቶቹ መሀል ተነሳች። ሌሊቱን ሙሉ ደግፈው ያስቀመጧት ሴት ናት፤ አሁን ራሷ ተነሳች። ‹‹አላልኳችሁም? የታል? አሳዩኝ!››

የአያን ስልክ አወጣሁ። ለቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀርቶት ነበርና ማስታወሻው ሄዷል። በራሱ አጻጻፍ፣ በራሱ ስም። ‹‹ሰላም ቤተሰብ! ሁለት ሰዓት ላይ እንገናኛለን። እኔ እዚሁ ሆኜ እየጠበቅኳችሁ ነው።›› ከሥሩ ሰዎች አውራ ጣት እየላኩ ነበር። አንዱ ‹‹እኛም ተዘጋጅተናል›› ብሏል።

‹‹ማ… ማ… ማ…›› ማሽን ነው ልላት ነው። አልወጣም።

‹‹ምን አለ? አንብብልኝ!››

‹‹በ… በራሱ የ… የሚሄድ ነው፣ እማ። ት… ትናንት የሞላው ነው።››

‹‹እየጠበቅኳችሁ ነው ይላል እኮ›› አለ አንድ ልጅ ስክሪኑን በትከሻዬ ላይ አይቶ። እናቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ደረቷ ላይ ያዘችው። የፊዚክስ መምህሩ ተነስቶ መጣ። ‹‹እናቴ›› አላት፣ ‹‹ለእኔም እንዲህ ይመጣልኝ ነበር። እሱ ተኝቶ እያለ ሁሉ ይመጣልኝ ነበር።›› እናቴ አየችው። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እንደገና ተቀመጠች። መጀመሪያ መርዶውን ስትሰማ ያልጮኸችውን ጩኸት ያኔ ነው የጮኸችው።

‹‹ዝጋው ያንን ነገር!›› አለ አጎቴ። ‹‹ባትሪውን አውጣው!››

ብዘጋው ግን የሆሞሻ ሰዎች ሱቃቸውን ዘግተው፣ ስልክ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ‹እየጠበቅኳችሁ ነው› ያላቸውን ሰው ይጠብቃሉ። የተላከው መልእክተኛ ገና መንገድ ላይ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በፊት አይደርስም። ባለሱቁም ደህና ነው እያለ ለሰው እያወራ ነው። ይህን ሁሉ ለአጎቴ ማስረዳት ነበረብኝ። ቃል አልተገኘልኝም። ‹‹አ… አንድ ነገር ልናገር›› ብቻ አልኩት፤ ስልኩን ከእናቴ እጅ ቀስ ብዬ ወሰድኩ። ለቀቀችልኝ።

ከቤት ጀርባ ዞርኩ። ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ይቀራል። የሆሞሻን ግሩፕ ከፈትኩና ማይክሮፎኑን ተጭኜ ያዝኩ።

በበርታ ጀመርኩ። ሰላም አልኳቸው። ማን እንደሆንኩ፣ የማን ወንድም እንደሆንኩ ነገርኳቸው። የደረሳችሁ ጽሑፍ ትናንት የተዘጋጀ ነው፣ ስልኩ በራሱ ነው የላከው አልኳቸው። ከዚያ ዋናው ቃል ላይ ስደርስ ቆምኩ። በበርታም ታሰረ። ጣቴን አላነሳሁም። ዝም ያልኩበት ጊዜ ሁሉ እየተቀዳ ነበር፤ በግቢው በኩል የሴቶቹ ልቅሶ ይገባል። ‹እንዳለ ነው የምልከው› ያለኝ ትዝ አለኝ። ቃሉ ወጣ። መሞቱን ነገርኳቸው። ስልኩ ፊት ያለው ሰው ብቻውን ከሆነ ጎረቤት ይጥራ አልኳቸው። መርዶ በዚህ መንገድ ስለነገርኳቸውም ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከዚያ ያንኑ በአማርኛ ደገምኩት፤ አማርኛው ብዙ ፈጀ። ሌላ ሰው በአንድ ደቂቃ የሚጨርሰው ነገር ነው፤ የእኔ አምስት ደቂቃ አለፈው።

መልሼ ሳልሰማው ላክሁት።

ከዚያ የቀጠሮ ገጹን ከፈትኩ። የፊዚክስ መምህሩ ተከትሎኝ መጥቶ ነበር፤ ማስታወሻው የሚዘጋበትን ቦታ አብረን ፈለግን። ለሚመጡት ሳምንታት ቀጠሮ የያዙ ሰዎች ነበሩ፤ ነርሷ አለች፣ ሁለት የቢሮ ሠራተኞች አሉ። ማስታወሻቸውን አንድ በአንድ ዘጋን። መጠይቁን ግን አልነካሁትም፤ መሙላት ለሚፈልግ ክፍት ቀረ።

የመኪና ድምፅ ሰማን፤ አስከሬኑ መጣ። ስልኩን ለመምህሩ ሰጠሁትና ወደ ፊት ሄጄ ለቃሬዛው ትከሻዬን ሰጠሁ።