ነፋሱ የሚያርፍበት ሰዓት

ይህን የምጽፈው ልጆቼ ይማሩበታል ብዬ ነው። ፍርሃቴን አሳንሼ ብጽፈው ግን ትምህርቱ ውሸት ይሆናልና እንደነበረ እናገረዋለሁ።

ያረጀሁት ከባሕር ዳር ፋብሪካዎች በአንዱ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ሆኜ ነው። ትምህርት ቤት ብዙ አልገፋሁም፤ የማውቀውን ያወቅሁት መጽሐፍ ተውሼ፥ ሞተር ፈትቼ፥ አንዳንዴም በኤሌክትሪክ ተመትቼ ነው። ሁለተኛዋ ልጄ ግን ተምራ መሐንዲስ ሆነች። ጥቂት የሥራ ባልደረቦች ማኅበር መሥርተን፥ ከቁንዝላ በላይ ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ ሦስት የነፋስ ተርባይኖች ተክለን ኃይሉን ለዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ለመሸጥ ስናስብ፥ የአዋጭነት ጥናቱን ለእሷ ሰጠናት። እሷም "መጀመሪያ ነፋሱ ይለካ" አለችን። ረጅም የብረት ምሰሶ አቁመን ዙሪያውን በሽቦ ገመድ ወጠርነው። ጫፉ ላይ ነፋስ ሲነካቸው የሚሽከረከሩ ትናንሽ ኩባያዎች ያሉት መለኪያ ገጠምንበት፤ ግርጌው ላይ ደግሞ የነፋሱን ፍጥነት ከነሰዓቱ የሚመዘግብ ሳጥን አሰርንበት።

ከወራት በኋላ የምሰሶው ጠባቂ ደወለልን። "ጭልፋዎቻችሁ አልዞር ብለዋል" አለ፤ ኩባያዎቹን ጭልፋ ነው የሚላቸው። መንገዱ ደህና ነው በተባለ ቀን ምትክ መለኪያ ይዘን ከልጄ ጋር ወጣን። መንገዱ አስቸጋሪ ስለሆነ ስንደርስ ቀትር አልፎ ነበር።

"ዛሬ ማደርና ነገ ጠዋት መውጣት አይሻልም?" አልኋት።

"ነገ መንገዱ መከፈቱን ማን ያውቃል? ደግሞ ሰዓቱ ጥሩ ነው። መዝገቡ ላይ ነፋሱ የሚበረታው ከጠዋት እስከ ቀትር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ያርፋል።"

"ባሕር ዳር ላይ ሐይቁ የሚናወጠው ከሰዓት በኋላ አይደል እንዴ?"

"እሱ ታች ነው፥ አባባ። ከፍታ ላይ ሌላ ነው። በግምት ቢሆንማ እርስዎ ይበቁን ነበር፤ መለኪያ ለምን እንገዛለን?"

ልኬት ከግምት ይበልጣል እያልሁ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። በራሴ ቃል አፌን አስያዘችኝ።

ከብረቱ ጋር የሚያያይዛትን ቀበቶ ታጥቃ መውጣት ጀመረች። ጠባቂው፥ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማያንስ የአገሩ ሰው፥ አንጋጦ እያየ፥ "ጋሼ፥ ይችን ልጅ ምን አብልተው ነው ያሳደጓት? ዝንጀሮ እንኳ ይህን አይቶ ይመለሳል!" አለ።

"ዝንጀሮ ቀበቶ የለውማ!" አለች ከላይ። ሦስታችንም ሣቅን።

ጫፍ ከደረሰች በኋላ ሐይቁን አየሁት። ረግቶ፥ እንደ ቆርቆሮ አብለጭልጮ ነበር። ከዚያ ሩቅ ላይ ጥቁር መስመር ታየኝ። መስመሩ ወደ እኛ ይመጣል። ታንኳዎቹ ሁሉ ወደ ዳር እየቀዘፉ ነው። ምን እንደሆነ ገብቶኝ "ውረጂ!" ብዬ ጮኽሁ፤ ድምፄ ግን ሳይደርሳት ነፋሱ ቀደመኝ።

መጀመሪያ ሽቦዎቹ አፏጩ፤ ቀጥሎ ማላዘን ጀመሩ። ምሰሶው ከመካከሉ ሲለመጥ በዓይኔ አየሁ። ልጄ ብረቱን በሁለት እጇ አቅፋ ተለጠፈችበት። የታጠበ ነጠላ ገመድ ላይ ሲርገበገብ እንደሚታየው ካፖርቷ ይርገበገባል፤ ፊቷ አይታየኝም። በከፍተኛ ኃይል መስመር አጠገብ ዕድሜዬን ስፈጅ እንዲህ ያለ ፍርሃት አላውቅም፤ ለካ ያን ጊዜ የምፈራው ለራሴ ብቻ ነበር።

እግሬን መወጣጫው ላይ ሳደርግ ጠባቂው ወገቤን ይዞ ጎተተኝ። "እርስዎ ሲጨመሩበት ይብስ ይወዛወዛል! ሁለት ሬሳ ሊያሸክሙኝ ነው?"

"ልቀቀኝ፥ ልጄ ናት!"

"ልጅዎ መሆኗንማ አየሁ፤ እንደ እርስዎ ደረቅ ናት። ይቀመጡ!"

ተቀመጥሁ። ከልጅነቴ የምደግመውን ዳዊት ጀመርሁ፤ መካከል ላይ ጠፋኝ። እንደገና ጀመርሁ፤ እዚያው ቦታ ላይ ጠፋኝ። በዚህ መካከል መሬት ላይ የተወችው ቦርሳ ውስጥ ስልኳ ጠራ። እናቷ ነበረች።

"ደረሳችሁ?"

"ደርሰናል።"

"እሷስ?"

"ሥራ ላይ ናት።"

"ምንድን ነው እንዲህ የሚጮኸው?"

"ነፋስ ነው።"

"እሷ ከሰዓት በኋላ አይነፍስም ስትል አልነበር እንዴ?"

"ኋላ እደውላለሁ" ብዬ ዘጋሁት። አንድም ሐሰተኛ ቃል አልተናገርሁም፤ ነገሩ በሙሉ ግን ውሸት ነበር። ልጆቼን በውሸት የማልምር አባት ነኝ። በዚያች ሰዓት ውሸት ከየት እንደሚመጣ አየሁ፤ ከክፋት ብቻ አይደለም የሚመጣው።

ነፋሱ የበረደው ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው። ልጄ በየመወጣጫው እየቆመች፥ እያረፈች ወረደች። መሬት ስትረግጥ ጣቶቿ አልዘረጋ ብለው ስለነበር አንድ በአንድ እኔ ዘረጋኋቸው። የመጀመሪያ ቃሏ "አዲሱን ገጥሜዋለሁ" የሚል ነበር። ልቆጣት ፈልጌ ቀበቶዋን ፈታሁላት።

መለኪያው መሥራቱን ልታረጋግጥ ሳጥኑን ከፈተች። "ስንት ሰዓት ነው፥ አባባ?"

"አሥራ ሁለት።"

"ሳጥኑም አሥራ ሁለት ይላል።"

"ታዲያ ልክ ነዋ።"

"ልክ አይደለም" አለችና እዚያው አፈር ላይ ተቀመጠች። "አሥራ ስምንት ማለት ነበረበት።"

ሳጥኑ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው፤ እኛ የምንቆጥረው ከንጋት። ምሰሶው በቆመበት ጠዋት እጇን የሞተር ቅባት፥ ግራሶ፥ ነክቶት ስልኳን ማውጣት ስላልቻለች ሰዓቱን ጠየቀችኝ፤ "ሦስት" አልኋት፤ ሦስት ብላ ሞላችው። ዘጠኝ መሆን ነበረበት። ከዚያ ወዲህ የተመዘገበው ሁሉ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። የሌሊቱን ጸጥታ የቀን ጸጥታ አድርጋ አንብባ፥ ነፋሱ ከሁሉ በሚበረታበት ሰዓት ወጣች።

ቁንዝላ አድረን በማግሥቱ በመኪና ስንመለስ ስለ ጥናቱ ጠየቅኋት።

"አልተበላሸም። ሰዓቱን ስድስት ወደ ፊት እገፋዋለሁ፤ የሚገኘው ኃይል ድምሩ ያው ነው። እንዲያውም የሚነፍሰው ወደ ማታ ተጠግቶ፥ ከተማው ኃይል ሲያጥረው ነው፤ ይሻላል።"

"ተርባይኖቹ ሲበላሹ የሚወጣው ማን ነው ብለሽ ጻፍሽ?"

"እኛው።"

"ወጪውስ?"

"ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ። በራሳችን እጅ እንሥራው ብለው ስብሰባ ላይ የተናገሩት እርስዎ አይደሉ?"

ተናግሬያለሁ። የራሱን ሥራ በሰው የሚያሠራ ሰው አልወድም። ነገር ግን ያን ባዶ ቦታ ሳስበው የታየኝ ብረት ያቀፈች ልጄ ናት። "የሠለጠኑ ሰዎች አስገቢ፤ ሁለት ሆነው፥ ከሙሉ መሣሪያቸውና ከኢንሹራንሳቸው ጋር" አልኋት።

ኮምፒዩተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፥ መኪናው እያንገጫገጫት አሰላች። ብዙ ቆይታ ቀና አለች።

"ተርባይኖቹ ሦስት ብቻ ከሆኑ ሽያጩ ይህን አይሸፍነውም። ባዶውን ብንተወው ግን ያዋጣል እኮ፥ አባባ!"

"ባዶ ከተተወ የሚወጣው ማን ነው?"

"እኔ።"

"እንግዲያው አያዋጣም።"

መራዊን አለፍን። ያበጡ መዳፎቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ በመስኮት ታያለች። ከዚያ፥ "ለአባላቱ ማን ይነግራቸዋል?" አለች።

"እኔ።"

"ፈሪ ይሉዎታል።"

"እውነታቸውን ነው" አልሁ።