ወንድሜ ዩፎ ሊያሳየኝ የወሰደኝ ቀን

ባለፈው ሳምንት ሳንታ ክላራ፣ በምሳ ሰዓት፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በስልኩ ቪዲዮ አሳየኝ። በረሃ ላይ የሚንሳፈፍ ብርሃን ነው፤ ዩፎ፣ ከሌላ ዓለም የመጣ መንኮራኩር ነው ይላል። «መንግሥት ስንቱን ይደብቅብናል መሰለህ?» አለኝ። ምሳዬን ከድኜ ወጣሁ። ሳይቀየመኝ አልቀረም።

ታላቅ ወንድሜ ሰለሞን ከሞተ አምስት ወሩ ነው። ያን በረሃ ያሳየኝ እሱ ነበር።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ኦክላንድ ከመጣሁ ስምንት ወር ቢሆነኝ ነው፤ የምኖረው ከእሱ ጋር ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው። አገር ቤት ዝናብ ነው፤ እዚህ ኮረብታው ሁሉ ደርቆ ቢጫ ሆኗል። አንድ ዓርብ ጠዋት ቀሰቀሰኝ።

«ተነስ ሚኪ። ኔቫዳ ሄደን ዩፎ እናያለን።»

«ሥራህስ?»

«ኦፍ ወስጃለሁ። ስልክህን ወዲህ በል። እዚያ መንግሥት ይጠልፋል አሉ።»

ሳቅኩና ሰጠሁት። እንዲህ ያለ ወሬ ስለሚወድ ምንም አልጠረጠርኩም።

መንገዱ አያልቅም። ተራራውን ካለፍን በኋላ ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፤ ጨው የመሰለ ሜዳና ሙቀት ብቻ። ሰለሞን ወሬኛ ነበር። ያን ቀን ግን ዝም አለ። ደክሞት ነው አልኩ።

ከተማ የሚሉት አንድ ማደያና አንድ ምግብ ቤት ነው። በሩ ላይ ዓይኑ የገዘፈ አረንጓዴ የፕላስቲክ ፍጡር ቆሟል። አቅፌው ፎቶ ተነሳሁ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። ከተራራው ጀርባ የወደቀ መንኮራኩር እንዳለ፣ ወታደሮች ከውስጡ የወጣውን እንደሚመረምሩ፣ ያየ ሰው ሁሉ እንዳይናገር እንደፈረመ አጫወቱን።

«ይሄ ሁሉ ሰው የሚያውቀው ነገር እንዴት ይደበቃል?» አልኩት ሰለሞንን፣ ሃምበርገሬን እየገመጥኩ።

«ሰው ከተስማማ ይደበቃል» አለ።

የራሱን ምግብ አልነካም። ተነስቶ ወደ መኪናው ሄደ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

«አሸዋ ነው» አለኝ።

እዚያው አድረን ቅዳሜ ተመለስን። ቤታችን አልወሰደኝም። ሳን ሆዜ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ግርማ ቤት ነው ያደርነው። እሑድ ማለዳ ስነሳ ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰዋል። ጋሽ ግርማ ትከሻዬን ያዙኝ።

«በርታ ልጄ። እናትህ አርፈዋል።»

እማዬ አገር ቤት የሞተችው ሐሙስ ነው። ዓርብ ተቀብራለች። ሰለሞን መርዶው በወጉ እንዲነገረኝ፣ ሰው እስኪሰበሰብ ነበር ያራቀኝ።

«እሷ በተቀበረችበት ቀን እኔ ፕላስቲክ አቅፌ እስቃለሁ» አልኩት ሰው ፊት። «እንደ ሞኝ አዞርከኝ።»

«ሚኪ፣ ብቻህን ሆነህ ፌስቡክ ላይ እንዳታየው ብዬ ነው።»

አልሰማሁትም። ሳን ሆዜ ክፍል ተከራየሁና ዓመት ሙሉ ስልኩን አላነሳሁም። በኋላ ታረቅን። በዓል ሲሆን ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ በሚባለው ጎዳና ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት አብረን እንበላ ነበር። ስለ በረሃው ግን አንስተን አናውቅም። ላንተስ ማን ነገረህ፣ ማን አጠገብህ ነበር ብዬ አልጠየቅኩትም።

እሱ ሲሞት ሬድውድ ሲቲ ነበርኩ። መኪና እየነዳሁ ሳለ ከሆስፒታል ተደወለልኝ። አንዲት ሴት በትሕትና ስሜን አረጋገጠች፤ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ፤ አዘነችልኝ። አንድ ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። መኪናዬን ዳር አቁሜ ተቀመጥኩ።

ያን ሐሙስ እሱም የእማዬን ሞት እንዲሁ ብቻውን ሰምቶ ይሆናል፤ በማግስቱ ግን ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ አስቆኛል። አሁን ይገባኛል። የሱን ሞት ግን ሁለት ቀን የሚደብቅልኝ ሰው አልነበረኝም።