አደጋ ቢደርስ የሚደወልለት ሰው

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ባሕር እየጠለቀች ኮራል የሚሉትን የባሕር ፍጡር ታጠናለች። የሰው ልጅ ዶክተር ይሆናል፣ የኔዋ ዓሣ ሆነች።

ከመጥለቋ በፊት ፎርም አመጣች፤ አደጋ ቢደርስ የሚደወልለት ሰው ይጻፍ ይላል። እኔ ነኝ እንግዲህ፣ ዕብራይስጥን ያለ አስተማሪ ከአውቶቡስ ማስታወቂያ የለቀምኩ፣ ብዕሩን ቀምቼ የታላቅ ወንድሜን ቁጥር ጻፍኩ።

«አባ፣ ያንተን አትጽፍም?»

«መጥፎ ወሬ ለአባት በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ መጥቶ ነው የሚነግር።»

በዕብራይስጥ እያጉረመረመች ሄደች።

አንድ ጠዋት ኪርያት አርዬ ሰፈር ካለው ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ ቤቴ ገባሁ። ሁለት ሰው የሚያነሳውን ካርቶን ብቻዬን የማነሳው ሰውዬ እግሬን እየጎተትኩ ነበር። ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። ወንድሜና ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። አንዳቸውም ቀና ብለው አያዩኝም።

«ቁርስ በላህ?» አሉኝ ወንድሜ።

«በልቻለሁ።»

«አልበላህም። ትንሽ ቅመስ።»

እኛ ዘንድ በጠዋት ተሰብስበው መጥተው ብላ ካሉህ ሰው ሞቷል።

«ጋሼ፣ እሷ ናት?»

«መጀመሪያ ቅመስ።» እኔ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው የማስቀው ሰውዬ ስልኬን አወጣሁ። ደወልኩላት፣ አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ። በአራተኛው ነው መሰለኝ ያነሳችው።

«አባ፣ ምን ሆንክ? ተርጊል ላይ ነን፣ የአደጋ ልምምድ!»

ለካ የዩኒቨርሲቲው የደኅንነት ኃላፊ ለልምምዱ ብላ ወንድሜ ጋ ደውላ፣ «ልጅቷ ከባሕር ስትወጣ ራሷን ስታለች፤ የማይስማማት መድኃኒት አለ?» ብላቸዋለች። ወንድሜም «በሰደር፣ እሺ፣ ለአባቷ እንዳትነግሩ» ብለው ዘጉ። ልምምድ መሆኑን ሳትነግራቸው ሽማግሌ ሊሰበስቡ ወጥተዋል። ፔኒሲሊን እንደሚያሳብጣት የምናውቅ ደግሞ እኔና እናቷ ብቻ ነን።

«የምር ቢሆን እኮ ፔኒሲሊኑን ይወጉኝ ነበር» አለች ልጄ። «አንተን ቁርስ እያበሉህ።»

ፎርሙ እስኪስተካከል እንዳትጠልቅ ከለከሏት። በማግስቱ መድኃኒቱንም ቁጥሬንም ጻፍኩ። ወንድሜ አኮረፉ።

«ታዲያ መርዶህን ብቻህን በስልክ ልትሰማ ነው?»

«ምን ላድርግ ጋሼ፣ እሰማለሁ።»

አሁን እሷ በምትጠልቅበት ቀን ከፈረቃ መጥቼ አልተኛም። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ደውላ «ወጥቻለሁ» እስክትለኝ እጠብቃለሁ። እሷ ደግሞ ከወጣች በኋላ መጀመሪያ ፀጉሯን ነው የምታደርቅ።