በሩ ከውጭ የሚቆለፈው የእንግዳ ቤት

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ጂንካ ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት ታድሶ በተመረቀ ዕለት ነው። የመድረክ መሪው እኔ ነበርኩ።

እድሳቱ እንከን አልወጣለትም። መስኮቱ አሉሚኒየም፣ ወለሉ ሴራሚክ ሆነ፤ የጭቃው ግድግዳ በሲሚንቶ ተለስኖ ሮዝ ተቀባ። ከታሪካዊነቱ የተረፈው ቦታው ብቻ ነው፤ እሱንም ማንቀሳቀስ ስላልተቻለ ይመስለኛል። በሩ ላይ "የቀድሞ አስተዳዳሪዎች የእንግዳ ማረፊያ" የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ።

ቤቱ እንዳይፈርስ ለዓመታት ከቢሮ ቢሮ የተንከራተቱት ጡረተኛው የታሪክ መምህር ጋሽ ማርቆስ ናቸው። የከተማችንን ታሪክ የሚጠይቅ ሁሉ ወደ እሳቸው ነው የሚሄደው። ለዚህ ውለታቸው ከመጨረሻው ረድፍ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ተሰጣቸው።

"አጭር ታሪካዊ ገለጻ" ላይ ስንደርስ ጠራኋቸው። ቤቱን ያሳደሰው የባህል ቢሮ ኃላፊ ፖዘቲቭ ነገር ላይ ብቻ እንዲያተኩሩ አስቀድመው አሳስበዋቸው ነበር።

"እዚህ ቤት እኔም በእንግድነት ተቀምጫለሁ" አሉ ጋሽ ማርቆስ። "በደርግ ጊዜ። በሩ ግን የሚቆለፈው ከውጭ ነበር።"

ቀጥለው እስረኞች በሚስማር የጫሩት ስማቸው ከልስኑ ስር መቅረቱን ሲናገሩ ማይኩ ጠፋ። መብራት ተቋረጠ ተባለ። ዘፈን ለመክፈት ግን መብራቱ አላነሰም።

ከሕዝቡ መሃል አንዲት እናት ተነስተው ወደ ጋሽ ማርቆስ ሄዱ። ከቀይ አፈር ከተማ ለገበያ መጥተው ግርግሩን አይተው የገቡ ናቸው። እሳቸው ልጅ ሳሉ አባታቸው ተይዘው ከቤት እንደወጡ ቀርተዋል፤ የት እንደታሰሩ እንኳ ቤተሰቡ አያውቅም። የአባታቸውን ስም ነግረው ግድግዳው ላይ ከተጫሩት መካከል እንዳለ ጠየቁ።

ጋሽ ማርቆስ እጃቸውን ይዘው ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገቧቸው። "እዚህ ጋ ነው። ጎን ለጎን ነበር የምንተኛው" አሉ።

ሴትዮዋ በቤታቸው ቁልፍ ሮዙን ግድግዳ መፋቅ ጀመሩ። ዘበኛው ሊከለክል ሲል ኃላፊው ካሜራዎቹን አዩና ፈገግ ብለው የፕሮግራሙ አካል መሆኑን አበሰሩ። ጭቃና ሲሚንቶ መቼም አይዋደዱም፤ ልስኑ በሰፊው ተገምሶ ወደቀ።

ስሙ ግማሹ ተሸርፏል፤ ጋሽ ማርቆስ ጮክ ብለው ሙሉውን አነበቡላቸው። ሴትዮዋ መዳፋቸውን አሳርፈውበት ብዙ ቆዩ። ዘፈኑን ማን እንዳጠፋው አላውቅም።

አሁን ያ ቦታ መስታወት ተገጥሞለታል፤ ቢሮውም በጥንቃቄ ያቆየው ቅርስ እያለ ያስጎበኘዋል። እኔ ዛሬም መድረክ እመራለሁ። ብዙዎቹ ምረቃዎች በሰዓታቸው ተጀምረው በሰዓታቸው ያለቁ ናቸው፤ አንዱንም አላስታውስም። ከፕሮግራሙ የወጣውን ያን ዕለት ግን መምራቴ ያኮራኛል።