የተፋቀው ድሪ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ እንጅባራ ካለው ዩኒቨርሲቲ መጥታ በስልኳ አንድ ምስል አሳየችኝ። ሦስት ግንብ የተቀረጸበት፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ሳንቲም ነው። ሐምቡርግ የሚባል የፈረንጅ ከተማ ድሮ ያሠራው ገንዘብ ነው፣ ብሩም በመዳብ የተቀየጠ ነው አለችኝ። የመዳቡንስ ነገር እናትሽ ሳትወለድ አውቀዋለሁ አልኳት።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ዳንግላ አክስቴ ቤት ተቀምጬ አምስተኛ ክፍል እማር ነበር። ጎረቤታችን አንጥረኛ ነበሩ፤ ከትምህርት መልስ ወናፋቸውን እያናፋሁላቸው ብርን ከመዳብ መለየት አስተማሩኝ።

በጥር ወላጆቼን ልጠይቅ ብዬ፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምኩ፣ ውርጭ የመታውን ሣር እየረገጥኩ ግምጃ ቤት ከተማ አጠገብ ወዳለው መንደራችን ሄድኩ። ዳስ ተጥሎ፣ ጠላ ተጠምቆ ጠበቀኝ። የምዳረው እኔ መሆኔን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጥሎሽ መጣ። በወጋችን የሙሽራው ወገን ያመጣውን ዕቃ አንድ በአንድ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ የሙሽሪት ወገን ያያል፣ ይነቅፋል፣ ይቀበላል። ሙሽሪት ግን ተሸፍና ጓዳ ትቀመጣለች እንጂ ትንፍሽ አትልም። ቀሚሱ አለፈ፣ ጥላው አለፈ። ቀጥሎ የሙሽራው አጎት የልጅ ልጄ እንዳሳየችኝ ያሉ፣ ሦስት ግንብ ያለባቸው ጥቃቅን የፈረንጅ ሳንቲሞች የተሰኩበትን ድሪ አነሱ።

«ከቅድመ አያት የወረደ ንጹህ ብር ነው» አሉ።

በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት። የሳንቲሞቹ ጠርዝ ቀላ ብሏል። ሻሼን ገፍፌ ወጣሁ።

«አባባ፣ ጠርዙን በቢላ ይፋቁት።»

እናቴ በአገውኛ እየተቆጣች ክንዴን ያዘችኝ። አልተመለስኩም።

«ንጹህ ነው ብለዋል። ይፋቅና እንየው።»

አባቴ ትክ ብለው አዩኝና ፋቁት። ቀዩ መዳብ ወጣ።

«እኛም ብር ነው ብለን ነው የኖርነው» አሉ የሙሽራው አጎት፣ ፊታቸው ልውጥ ብሎ። እውነታቸውን ነበር፤ እስካሁን ያሳዝኑኛል። አባቴ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መዳብ ተቀበለ መባል ሞታቸው ነው። «ይዛችሁ ተመለሱ» አሏቸው።

ጠላውን ጎረቤት ጠጣው። አባቴ ዓቢይ ጾም እስኪገባ አላናገሩኝም፤ እኔም ሰኞ ደብተሬን ይዤ ዳንግላ ክፍሌ ገባሁ።

ቆሰበር ገበያ የሚያገኙኝ እኩዮቼ ያ ሠርግ በመዳብ ሰበብ ቀረ ይላሉ። እስከ ዛሬ ዝም ብያቸዋለሁ። አልዳርም ብል ማን ይሰማኝ ነበር? የመዳቡን ነገር ግን ሁሉም ሰማ። ድሪው ንጹህ ብር ቢሆን ኖሮ፣ ሌላ ነገር ፈልጌ አስፍቅ ነበር።