ቆጥ ላይ የወጣው ኮምፒውተር

ጓንቴ የእናት አባቱ ስም አይደለም። እጆቹ ጓንት ያጠለቁ ይመስል ወፍራም ስለሆኑ ጋራዥ ውስጥ የወጣለት ቅጽል ነው። በዚህ እጁ የመኪና ኤሌክትሪሺያን መሆኑ ራሱ ጉድ ነው። ስሙን ያወጣለት አብሮት ያረጀው ባልንጀራው፣ ቤተኛ ነበር። ቤተኛ የተባለውም መኪናን እንደ ቤት ስለሚቆጥር ነው፤ የመኪና ኮምፒውተር የሚደበቅባቸውን ቦታዎች በቤት ስም ይጠራቸዋል። ሞተሩ አጠገብ ከሆነ ማድቤት፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ከሆነ ጓዳ፣ ከምንጣፉ በታች ከሆነ ምድር ቤት። "ማድቤቱን አየኸው?" ሲባባሉ የሰማ ደንበኛ ምሳ የራባቸው ይመስለው ነበር።

ነፍሱን ይማረውና፣ ቤተኛ ካረፈ ዓመት አለፈው። ጓንቴ ዛሬም ምንጣፍ ሲገልጥ "ምድር ቤት ነው" ይላል፤ የሚመልስለት የለም።

አንድ ጠዋት የቤተኛ ሚስት አስጠራችው። የሟቹ መኪና ግቢ ውስጥ ቆሞ አልነሳ ብሏል፤ የልጇ ባል ደግሞ ከሰዓት በኋላ ለውዳቂ ብረት ገዢዎች ሊያስጭነው ነው።

"ልጄ ልትነዳው ፈልጋ ነበር" አለችው። "እስቲ እየው ጓንቴ። ከሱ የቀረኝ ይኼ ነው።"

"ለእኔም ይኼው ነው የቀረኝ፣ እህት ዓለም።"

መመርመሪያውን ሰካ፤ ከሞተሩ ኮምፒውተር መልስ የለም። ባትሪውን ፈትቶ የፊት ተሳፋሪውን ምንጣፍ ገለጠ። የዚህ መኪና ኮምፒውተር ምድር ቤት እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። ባዶ ነው። ሽቦዎቹ ተቀጥለው፣ ከሌላ ሽቦ ጋር ተጠቅልለው ወደ ዳሽቦርዱ ሆድ ገብተዋል። የልጇ ባል በረንዳ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ጓንቴን ላብ አጠመቀው።

"አንተ ሰውዬ፣ የት ወሰድከው?" አለው ሟቹን።

"ምኑን?" አለች ሚስቱ።

"ኮምፒውተሩን። ከምድር ቤት አንስቶታል።"

ሳቅ አመለጣት። "ታሞ ተኝቶ ሳለ 'ምድር ቤቱ ውኃ ገባበት፣ ቆጥ ላይ አውጥቼዋለሁ' ሲለኝ ትኩሳት ነው ብዬ ግንባሩን ዳሰስኩት። እኛ ምን ምድር ቤት አለን፣ ምን ቆጥ አለን?"

ጓንቴ ክው አለ። ቆጥ የሚለውን ቃል ከሰማ ብዙ ዘመን አልፎታል። ቤተኛ ቆጥ የሚለው ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ መሳቢያ በላይ ያለውን ክፍተት ነበር። መሳቢያውን ፈትቶ እጁን ሰደደ። አልገባም። ድሮ እንዲህ ሲሆን ቤተኛ "ዞር በል፣ አንተ ጓንት" ብሎ በዚያ ቀጭን እጁ ያወጣለት ነበር።

በሁለት ጣቱ ሽቦውን አግኝቶ ሳብ አደረገው። ሽቦው መጣ። ኮምፒውተሩም ተከትሎት መጥቶ ጉልበቱ ላይ አረፈ። ቤተኛ ሽቦ በልኩ እንጂ አስተርፎ ቆርጦ አያውቅም፤ በዚህ ስንት ዘመን ተነታርከዋል። ይኼኛውን ግን እጥፍ አድርጎ አስረዝሞታል።

ጓንቴ ዝገት የያዘውን ሶኬት አጽድቶ ሰካ፣ ባትሪውን አሰረ፣ ቁልፉን ለቤተኛ ሚስት ሰጣት። መኪናው ተነሳ። የልጇ ባል ስልኩን አውጥቶ የብረት ሰዎቹን እንዳትመጡ አላቸው።

"ምን ሆኖ ነበር?" አለች ሚስቱ ከመሪው ኋላ።

ጓንቴ ረጅሙን ሽቦ በእጁ ይዞ አሳያት።

"ሶኬቱ ዝጎ ነው። ባልሽ ግን፣ ዞር በል የሚለኝ ሰው እንደማይኖር አውቆ፣ በእኔ እጅ ልክ ነው የሠራው።"