ያልተሸጡት የጋሼ በዳሳ ካሴቶች

ልጅ ሳለሁ ሌሎች ልጆች የጅብና የቀበሮ ተረት ሲነገራቸው ለእኔ የሚተረትልኝ ስለ ካሴት ነበር። ተራቹ የእናቴ ወንድም ጋሼ በዳሳ ነው። አዳማ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ አንድ ደንበኛ ሲገባ ሌላው ውጭ የሚጠብቅባት ሙዚቃ ቤት ነበረችው፤ እኛም የምንኖረው ከጀርባዋ ነበር። ያኔ ከመብራቱ መጥፋት ይልቅ የሚያስገርመው መምጣቱ ነበርና፣ በጠፋ ቁጥር ጋሼ ሱቁን ገርበብ አድርጎ ይመጣና ከከሰል ምድጃው አጠገብ ይቀመጣል። እናቴ በቆሎ ትጠብሳለች፣ የፋኖሱ ጭስ ዓይናችንን ይቆጠቁጠናል፣ እሱ ደግሞ ከአልጋ ሥር ካርቶኑን ይጎትታል። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ሰው ዞር ብሎ ያላያቸው፣ ያልተሸጡ ካሴቶች ነበሩ።

ቴፑ ያለ መብራት ስለማይሠራ ጋሼ ካሴቱን በአፉ ያጫውተው ነበር። አንዱን አንስቶ ሽፋኑን ወደ ፍሙ ጠጋ ያደርግና፣ «ይህችን ታያታለህ? ሎሚ ትባላለች፣ የወለንጪቲ ልጅ ናት። ድምጿ ሲወጣ አዋሽ ሞልቶ ድልድይ ሲመታ ነው የሚመስለው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ከበሮ መቺው አልቅሶ መምታቱን አቆመ» ይለኛል።

«ታዲያ ለምን አልተሸጠም ጋሼ?»

«ሕዝቡ ገና አልደረሰበትማ!»

ሌላው ዘፋኝ ሶደሬ ሲዘፍን ጦጣዎቹ የሰረቁትን ዳቦ መልሰው አስቀምጠዋል። እናቴ በቆሎውን እያገላበጠች «በዳሳ፣ ልጁን አታሳብድብኝ» ትላለች፤ እኔ ግን ጦጣዎቹን አልተጠራጠርኩም። መብራት ሲመጣ «አሁን እናጫውተው» ስለው፣ «ቴፑ ቢበላውስ? ብርቅ ነገር በየቀኑ አይነካም» ይለኛል። ይህም ትልቅ ጥበብ መስሎ ታየኝ። እናም አሥር ዓመት ሳይሞላኝ፣ ማንም ባልሰማው፣ እኔም ራሴ ባልሰማሁት ሙዚቃ የታወቅኩ ሊቅ ሆንኩ። ትምህርት ቤት የሰሞኑን ዘፋኝ የሚያደንቁትን ልጆች በሐዘኔታ አያቸው ነበር። ሰው ሃያሲ የሚሆነው በዚህ መንገድ መሆኑን ዛሬም አልጠራጠርም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መብራት በነበረበት ቀን፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ወጣት ሱቁ በር ላይ ቆመች። ስሟ ጫልቱ ነው፤ የመጣችውም ከወለንጪቲ።

«ጋሼ፣ እናቴ ሎሚ አንድ ካሴት ነበራት፤ እዚህ ይሸጥ ነበር ብለውኝ ነው። አርባዋን ትናንት አወጣን። ፎቶዋ አለን፤ ድምጿ ግን የትም የለም። ታናሽ ወንድሜ እንዴት እንደምትናገር ጠፋኝ እያለ ያለቅሳል።»

«አለ!» ብዬ ሮጥኩ፤ ካርቶኑንም እየጎተትኩ አመጣሁት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ጋሼ ካርቶኑን አየ፣ መብራቱን አየ። «መብራት ሲጠፋ ብትመጪ ይሻል ነበር» አላት።

«ምን ማለትዎ ነው ጋሼ? ቴፑ በመብራት አይደል የሚሠራው?»

የሎሚን ካሴት ከካርቶኑ አንስቶ ቴፑ ውስጥ ከተተና ተጫነው። የወጣው የዚያን ዓመት ሚኒባስ ሁሉ የሚያንባርቀው የሰርግ ዘፈን ነበር፤ ከነእልልታው።

ካሴት ጀርባው ላይ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ክፍት ከሆኑ በላዩ አይቀዳበትም፤ ከተደፈኑ ይቀዳበታል። ሌላ ካሴት ከካርቶኑ አንስቼ አየሁ፤ ቀዳዳው በተላመጠ ማስቲካ ተደፍኗል። የባለ ጦጣውም እንዲሁ። ሁሉም።

«ሾፌር ሁሉ የሰሞኑን ቅዳልኝ ይላል» አለ ጋሼ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ። «ያልተሸጠው ላይ ነው የምንቀዳው፤ ሙዚቃ ቤት ሁሉ እንዲህ ነው። ሲሰለቻቸው ይመልሱታል፣ ሌላ ይቀዳበታል። ሲያረጅ ግን እያንዳንዱን ወደየሽፋኑ እመልሰዋለሁ። አንዱንም ከሌላው አላቀያየርኩም።»

«የላዩን ማንሳት አይቻልም?» አለች ጫልቱ።

«አይቻልም፣ ልጄ።»

ቴፑን ሊያጠፋ እጁን ሲዘረጋ «ይተዉት» አለችው። የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጣ፣ በሐዘን ልብሷ፣ ሰርጉን ዘፈን በዘፈን ሰማችው። እኛም አጠገቧ ቆመን ታደምን። የመጨረሻው እልልታ ሲያልቅ ካሴቱ ገና ጥቂት ይቀረው ነበር፤ ሽሽሽ አለ፤ ከዚያ ከሥር አንዲት ሴት ወጣች።

አዋሽ አልነበረችም። እሳት ልትጭር ጎረቤት ደጃፍ ላይ እንደቆመች ሴት ቀጭንና የሚያፍር ድምፅ ነበራት። የአንድ ዘፈን ጭራ ዘፈነችና ዝም አለች። ድምፅ ቀራጩ ቆርጦ ማውጣቱን ረስቶት ይሆናል፣ በኦሮምኛ ስትጠይቀው ተሰማች፦ «ይበቃል? ወይስ ልድገመው?»

«ድገሚው፣ ሃርሜ» አለች ጫልቱ እናቷን።

ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ።

ጋሼ ካሴቱን አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣት፤ በሻሿ ጫፍ ጠቅልላ ሄደች። ከዚያ በኋላ ስለ ካሴት ሲተርት አልሰማሁትም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ዛሬ ከሻሸመኔ እስከ ሞጆ ያልተሸጠ ካሴት ያለው ሰው ወደ እኔ ይልካል። «ሙዚቃ ከሱ ወዲያ!» ይሉኛል፤ አላርማቸውም። ካሴቱ ሲደርሰኝ በእስክሪብቶ ወደ መጨረሻው አጠነጥነዋለሁ፣ የላዩ ዘፈን ወደሚያልቅበት። አብዛኛውን ጊዜ ሽሽሽ ብቻ ነው። እሱንም እስከ ጫፉ እሰማዋለሁ፤ ምናልባት አንድ ሰው እዚያ ውስጥ ይበቃል ወይ ብሎ ጠይቆ፣ እስካሁን የመለሰለት ሰው አጥቶ እንደሆነ ብዬ።